ምች የመታት ሴት ከገበታ አትነሳም

እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለመቃወም ነው። በጋራ ተከራይተን በምንኖርባቸው ቤቶች ውስጥ አንድ ደንብ ማንም ሳይጽፈው እየጸና መጥቷል። ከንፈሯ ላይ ቁስል የወጣባት ልጅ ለብቻዋ ትበላለች፤ ሲኒዋ ይለይላታል፤ ፍራሿ ወደ በሩ ይገፋል። "ለጤናችን ብለን ነው" ይባላል። ከዚያ ሹክሹክታው ይከተላል፦ የት አድራ ነው? ከማን ጋር ውላ ነው?

ይህን ደንብ እቃወማለሁ። የምቃወመው ለልጅቷ አንጀቴ ስለማይችል ብቻ አይደለም። ደንቡ የቆመበት ወሬ ውሸት ስለሆነ ነው። ደግሞም የእኛ ደንብ አይደለም፤ ከምንሠራባቸው ቤቶች ማድ ቤት ተምረን ያመጣነው ነው። ሁለቱንም ላስረዳ።

መጀመሪያ በሽታውን በስሙ እንጥራው። አገር ቤት ምች እንለዋለን። ራስ ይፈልጣል፣ ትኩሳት ያንዘፈዝፋል፣ በማግስቱ ከንፈር ዳር ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ይወጣሉ። እናቶቻችን ዳማከሴ ከጓሮ ቀጥፈው፣ በመዳፋቸው አሽተው፣ ጭማቂውን አጠጥተውናል፤ ግንባራችንንም ቀብተውናል። "ወጥ ወጥ እየሸተትሽ ፀሐይ ላይ አትውጪ፣ ምች ይመታሻል" ብለው መክረውናል። ምች የመታው ልጇን ከገበታ ያስነሳች እናት ግን አላየሁም። ምች የመታው ሰው ይጠየቃል እንጂ አይሸሽም። ይኼ ነው ያደግንበት።

ምች ብለን ከምንጠራቸው ሕመሞች ውስጥ ያ የከንፈር ቁስል የሚመጣው በቫይረስ ነው። ቫይረሱ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ይባላል። ሁለት ዓይነት ነው። ሐኪሞች ዓይነት 1 የሚሉት በአብዛኛው አፍና ከንፈር ላይ የሚወጣው ነው። ዓይነት 2 የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው ብልት አካባቢ የሚወጣውና በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ነው። ደረትን ወይም ወገብን ይዞ የሚያቃጥለው አልማዝ ባለጭራ በሕክምና ስሙ ውስጥ ሄርፒስ የሚል ቃል ቢኖርበትም ሌላ ቫይረስ ነው፤ እሱ የሚነሳው በልጅነት ጉድፍ ካወጣብን ቫይረስ ነው። አናምታታው።

ዓይነት 1ን አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው። አክስት አፉን ትስመዋለች፤ አያት በአፏ ቀምሳ፣ አቀዝቅዛ ታጎርሰዋለች፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አንዲት ከረሜላ ይቀባበላል። ቫይረሱ በምራቅና በቆዳ ንክኪ ከገባ በኋላ በነርቭ ላይ ተጉዞ ከራስ ቅል ሥር፣ ከጆሮ አጠገብ ባለ የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ይተኛል። የብልቱ ደግሞ በአከርካሪ ታችኛው ጫፍ አካባቢ ይተኛል። እዚያ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ብዙውን ሰው አንድም ቀን ሳያቆስለው ይቀራል። አንዳንዱን ግን እየተመላለሰ ይጎበኘዋል። የሚቀሰቅሱት ነገሮች ይታወቃሉ፦ ትኩሳት፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ የወር አበባ። እናቶቻችን "ፀሐይ መታሽ" ሲሉ ግማሹን እውነት ተናግረዋል። ፀሐይ ቫይረሱን አትሰጥም፤ የተኛውን ግን ትቀሰቅሳለች።

እንግዲህ አስቡት። ዛሬ ቤይሩት ውስጥ ከንፈርሽ ላይ የወጣው ቁስል ምናልባት አምስት ዓመት ሳይሞላሽ፣ ደሴ ወይም ጅማ እያለሽ የያዘሽ ቫይረስ ያወጣው ነው። "የት አድራ ነው?" ለሚሉ መልሱ ይኸውላቸው፦ እናቷ ጉያ።

አሁን ቁጥሩን ስሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ዕድሜያቸው ከ50 በታች ከሆኑ የዓለም ሰዎች 3.8 ቢሊዮኑ፣ ማለት 64 በመቶው፣ ዓይነት 1ን በሰውነታቸው ይዘው ይኖራሉ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ደግሞ 520 ሚሊዮን ያህሉ ዓይነት 2 አለባቸው። ይህ የጥቂት ሴቶች በሽታ አይደለም። የሰው ልጅ በሽታ ነው።

ይኸው ድርጅት ቀደም ብሎ ለ2012 ባወጣው ግምት ዓይነት 1ን በየአህጉሩ ዘርዝሮት ነበር። አፍሪካ ውስጥ 87 በመቶ። "ይኸው፣ የአፍሪካ በሽታ ነው" ለማለት የቸኮለ ካለ ትንሽ ይታገሥ። ሊባኖስና የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚቆጠሩበት የምሥራቅ ሜዲትራንያን ክፍል 75 በመቶ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከሴቶች 69 በመቶ፣ ከወንዶች 61 በመቶ ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ከ50 ዓመት በታች የሆኑ አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ቢቀርቡ፣ በአማካይ ሦስቱ ቫይረሱን ይዘውት ተቀምጠዋል። ማዳም በቁጥሩ ውስጥ አለች። ሚስተር አለ። ፓስፖርታችንን የተቀበለን የኤጀንሲ ሰውዬ አለ። ሲኒ የምትለየዋም እህታችን አለች።

ሦስተኛ በሠራሁበት ቤት የሆነውን ላጫውታችሁ። በነሐሴ ሙቀት በረንዳ ላይ ምንጣፍ ሳጥብ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ከንፈሬ ዳር አበጠና ውኃ ቋጠረ። ማዳም አየችኝ። ምንም አልተናገረችም፤ ማታ ስትመለስ የፕላስቲክ ኩባያ፣ የፕላስቲክ ሳህንና አንድ ማንኪያ ይዛ መጣች። "እነዚህ ያንቺ ናቸው፣ ከሌላው ዕቃ ጋር እንዳይገናኙ" አለችኝ። እነሱ የሚበሉበትን ሳህን ሁሉ በቀን ሦስቴ በእነዚሁ እጆቼ እንደማጥብ አላሰበችውም። ሁለት ወር ሳይሞላ የእሷ ከንፈር ላይ ያው ቁስል ወጣ። ከእኔ ተጋብቶባት ነው እንዳትሉ፤ ትልቋ ልጇ "እናቴን በየዓመቱ ያማታል" ብላ ነግራኛለች። በእሷ ላይ ሲሆን ግን ስሙ ተቀየረ። "ከጭንቀት ነው፣ ምስኪን" ተባለ። ከእህቷ ፍንጃል ቡና ቀመሰች፤ ትንሹን ልጅ ሳመች፤ ሳህን የለየላት አልነበረም። የእኔ ኩባያ ቤቱን እስክለቅ ድረስ ከመጥረጊያው አጠገብ እንደተቀመጠ ቀረ።

አንድ ቫይረስ፣ ሁለት ስም። እሷን ሲያማት ጭንቀት፣ እኔን ሲያመኝ ቆሻሻ።

ይህን አብዛኛዎቻችን ቀምሰነዋል። ታዲያ ያንን የፕላስቲክ ኩባያ ተሸክመን እሁድ ለቡና የመጣነው እኛው ነን። ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ ከምትጋራው ክፍል "ሌላ ቤት ፈልጊ" ተብላለች። የቤት ኪራይ ድርሻዋን ከፍላ ነበር። ያስወጧት ሴቶች ክፉ አይደሉም፤ አውቃቸዋለሁ፤ ሰው ሲሞት ቀድመው ገንዘብ የሚያዋጡት እነሱ ናቸው። ግን ማዳም በእነሱ ላይ ያደረገችውን በእህታቸው ላይ አደረጉት። ማዳም እንኳ ለማባረር ሰበብ ትፈልጋለች። እኛ ሰበቡን በነፃ አቀረብንላት። "የራሳቸው ሰዎች እንኳ ይሸሿታል" እንድትል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ከንፈር ነው። አሁን ስለ ታችኛው ላውራ፤ እባካችሁ ገጹን አትግለጡት።

የብልት ሄርፒስ በ2020 ግምት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሰዎች 846 ሚሊዮኑን ይዟል። ከአምስት ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው። አብዛኞቹ እንዳለባቸው አያውቁም፤ ምክንያቱም ወይ ምልክት የላቸውም፣ ወይ ምልክቱ ቀላል ስለሆነ "ሙቀት ነው"፣ "ምላጭ ነው" ብለው ያልፉታል። የከንፈሩ ዓይነት 1ም በአፍ በሚደረግ ግንኙነት ወደ ብልት ሊወርድ ይችላል። ዓይነት 2 ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ይበዛባቸዋል። በ2016 ግምት 313 ሚሊዮን ሴቶችና 178 ሚሊዮን ወንዶች ነበሩ። ለምን? ሴት ስለባለገች አይደለም። ቫይረሱ ከወንድ ወደ ሴት የሚሻገረው ከሴት ወደ ወንድ ከሚሻገረው በቀለለ መንገድ ስለሆነ ነው። ተፈጥሯችን ነው፣ ጠባያችን አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት ነገር አጥብቄ እናገራለሁ።

አንደኛ፣ ቁስሉ የማንም ባለጌነት ማስረጃ አይሆንም። ቫይረሱ ገብቶ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊተኛ ይችላል። ዛሬ የወጣ ቁስል ዛሬ የተያዘ በሽታ ማለት አይደለም። የደም ምርመራም ቫይረሱ እንዳለ ይናገራል እንጂ መቼ እንደገባና ከማን እንደመጣ አይናገርም። ባሏ አገር ቤት፣ እሷ እዚህ ሆና አምስት ዓመት የቆየች ሴት ለዕረፍት ስትገባ ቁስል ቢወጣባት፣ ወይም ባልየው ላይ ቢወጣ፣ ትዳር ከመፍረሱ በፊት ሁለቱም ይህን ይወቁ። ስንት ትዳር በዚህ ጥርጣሬ ፈርሷል!

ሁለተኛ፣ ሴት ሁሉ ፈቅዳ አይደለም የምትያዘው። ቁልፍ በሌለው ክፍል፣ ወይም ሳሎን መሬት ላይ የምትተኛ ልጅ ማታ ማን እንደሚመጣባት እናውቃለን፤ ዝም የምንለውም ስለምናውቅ ነው። ይህ የደረሰባት ልጅ በኋላ ቁስል ሲወጣባት "የዘራችውን አጨደች" የምትል አፍ ከኤጀንሲው በላይ ትበድላታለች። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት እህት ካለች ከሁሉ በፊት ልትሰማው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ፦ 72 ሰዓት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሰች ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት መጀመር ትችላለች። በቶሎ በደረሰች ቁጥር የተሻለ ይሠራል። በሹክሹክታ የምናባክነው ሰዓት ከዚህ ላይ የሚቀነስ ነው።

ሦስተኛ፣ ዓይነት 2 ያለበት ሰው ለኤችአይቪ የመጋለጥ ዕድሉ በሦስት እጥፍ ያህል ይጨምራል። ቁስሉ በር ይከፍታልና። ስለዚህ የብልት ቁስል ያየች ሴት መደበቅ ሳይሆን መመርመር ነው ያለባት። ኮንዶም ሙሉ በሙሉ ባይከላከልም ይቀንሳል፤ ቁስል ባለበት ጊዜ ግን ከነጭራሹ መታቀብ ነው የሚሻለው።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" የሚሉ እህቶች አሉ። ክርክራቸውን በደንብ አውቀዋለሁ። "በዚህ አገር ስማችን ለመጥፋት አንዲት ቃል ይበቃዋል፤ ስለ አባላዘር በሽታ በመጽሔት ስንጽፍ ቢሰሙ ሁላችንንም በሽተኛ ይሉናል፤ ሥራ እናጣለን" ይላሉ። ስጋታቸውን አልንቀውም። ሥራ ማጣት እዚህ ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው እንደ እነሱው ነው፤ ሥራ ሲጠፋ መኖሪያ ወረቀቱም አብሮ ይጠፋል።

ግን በዚያው ቋንቋችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ተብሏል። ዝምታው ምን እንዳተረፈልን እንቁጠር። ቁስሏን በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና፣ ባልተበረዘ ዴቶል አጥባ ቆዳዋን የላጠች ልጅ አውቃለሁ። ከሻንጣዋ ሥር የተቀመጠ አሞክሳሲሊን የዋጠች አለች፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፤ ሆድን ግን ያበላሻል። የሁለት ወር ደመወዟን "ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋል" ለሚል የስልክ ነጋዴ የላከችም አለች። ሄርፒስን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ክትባትም ገና የለውም። እነቅላለሁ የሚል ሰው የሚነቅለው ገንዘብሽን ነው። ዝንብ አይገባም ብለን አፋችንን ስንዘጋ ሌባው በኪሳችን ገባ።

ደግሞም ነውሩ ከበሽታው ጋር አብሮ የተወለደ እንዳይመስላችሁ። ሰው የሠራው ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታይም መጽሔት ሄርፒስን በሽፋኑ ላይ አውጥቶ በቀይ ፊደል መሰለው፤ በአንድ የታወቀ ልብ ወለድ ውስጥ አመነዘረች የተባለች ሴት ደረቷ ላይ እንድታደርገው በተፈረደባት ፊደል ማለት ነው። ሀብታም አገር፣ የተማረ ሕዝብ፣ ሐኪም የሞላበት ከተማ፣ ግን እነሱም ልክ እንደ እኛ ቤት ሴት ላይ ምልክት ለጠፉ። በዚያው በ1982 ግን ሌላ ነገርም ሆነ። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት በቅባት መልክ በአሜሪካ ተፈቀደ። አንዱ ነውር ሲያድል ሌላው መድኃኒት አደለ።

የአሲክሎቪርን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ከጀርባው ያለችውን ሴት ማወቅ ይገባናል። ገርትሩድ ኤልየን ትባላለች። ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ወላጆች ልጅ ናት፤ በ1918 ኒው ዮርክ ተወለደች። ኬሚስትሪ በከፍተኛ ውጤት ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ፣ ሴት ናትና ላቦራቶሪ የሚያስገባት አጣች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ ነው በሩ የተከፈተላት። የዶክትሬት ትምህርቷን ሳትጨርስ እየሠራች አሲክሎቪርን ያስገኘውን ቡድን መራች፤ በ1988 ከሁለት ባልደረቦች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። የስደተኛ ልጅ የሠራችውን መድኃኒት ስደተኛ ሴት አፍራ ሳትጠይቅ ብትቀር ያሳዝናል።

ፋርማሲ ገብተሽ "አሲክሎቪር" በይ፤ ዞቪራክስ ብትዪም ይገባቸዋል። በቅባትም በኪኒንም አለ። ቫይረሱን አያጠፋም፤ ግን ሕመሙን ያሳጥራል፣ ያቀለዋል። የሚሠራው በጊዜ ሲጀመር ነው። ቁስሉ ከመውጣቱ በፊት ቦታውን ይወጋጋል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ያን ጊዜ ነው መጀመር። ለከንፈር ቁስል ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒትም በአንድና በሁለት ሳምንት ይድናል። ብልት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ፣ ቶሎ ቶሎ ሲመላለስ፣ ወይም ሌላ ሕመም ላለባት ሴት ኪኒኑን መጠኑን ለሚያውቅ ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ጠበልሽንም ጠጪ፣ ዱዓሽንም አድርጊ፣ ኪኒንሽንም ዋጪ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

"ታዲያ አንጠንቀቅ ልትዪ ነው?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ኧረ እንጠንቀቅ! የምለው በትክክለኛው ቦታ እንጠንቀቅ ነው። ቫይረሱ ከሰው ገላ ውጭ ብዙ አይቆይም። ከመጸዳጃ ቤት መቀመጫ አይያዝም። ከአንሶላ አይያዝም። አብሮ አንድ ክፍል ውስጥ በመተኛት አይያዝም። በሳሙና የታጠበ ሲኒ የሁላችን ሲኒ ነው። እጃችንን ታጥበን ከአንድ ትሪ ብንበላ የሚያስፈራ ነገር የለም። ፍራሽ ወደ በር መግፋት የሚከላከለው በሽታ የለም፤ የሚጎዳው ሰው ነው ያለው።

ጥንቃቄው ይኸው ነው። ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ከንፈር አይሳም፤ ሰላምታው በትከሻ ይሁን። ከአንድ ብርጭቆ መቀባበል፣ ሊፕስቲክ መዋዋስና ጉርሻ ለጊዜው ይቆዩ። ቁስሉን የነካ እጅ ይታጠብ፤ በተለይ ዓይን እንዳይነካ፣ ምክንያቱም ቫይረሱ ዓይን ውስጥ ከገባ ብሌንን ያቆስላል፣ ሊያሳውርም ይችላል። ዓይኗ የቀላ፣ የሚያማትና ብርሃን ማየት ያቃታት ልጅ በዚያው ቀን ሐኪም ትፈልግ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአራስ ሕፃን ነገር ነው። ለእኛ፣ ሕፃን ለምናሳድግ ሴቶች፣ ይህ ከጤናም አልፎ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ በዓመት 14,000 ያህል ሕፃናት ከመወለዳቸው ጋር በሄርፒስ ይያዛሉ፤ ከ100,000 ሕፃን 10 ያህሉ ማለት ነው። ጥቂት ነው፤ ግን ሊገድል፣ አንጎልም ሊጎዳ ይችላል። አብዛኞቹን የሚይዛቸው ሲወለዱ ከእናት ነው፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ቁስል ካየች ወይም ከዚህ በፊት ከነበረባት ለሐኪሟ ትንገር፤ ምጥ ሲጀምር ቁስል ካለ በቀዶ ጥገና እንድትወልድ ሊወስኑ ይችላሉ። ከተወለደ በኋላም ከንፈሩ የቆሰለ ሰው አራስ ሕፃን ቢስም ሊያስይዘው ይችላል። ከንፈርሽ የቆሰለ ቀን ሕፃኑን አትሳሚ፤ እጅሽን ታጥበሽ፣ አፍሽን በማስክ ሸፍነሽ ያዢው። ለማዳምም በግልጽ ንገሪያት። ሊጠይቁ የመጡት አያትና አክስቶች ከንፈራቸው ቆስሎ ሕፃኑን ሊስሙ ሲያጎነብሱም እንዲሁ ንገሪያት። "ምን አገባሽ" ትልሽ ይሆናል። ሕፃኑ ቢታመም ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ማወቅሽ ይጠብቅሻል፤ አለማወቅሽ ግን ያስከስስሻል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ቫይረሱን የሚቀሰቅሱት ድካም፣ ጭንቀትና ፀሐይ ናቸው ብያለሁ። እስቲ የእኛን ቀን ቁጠሩት። ከማለዳ አንድ ሰዓት በፊት ተነስታ እስከ እኩለ ሌሊት የምትቆም፣ በሐምሌ ፀሐይ መስኮት የምትጠርግ፣ ደመወዟ ሦስት ወር የተያዘባት ሴት ከንፈሯ ቢቆስል ማን ነው ያቆሰላት? በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው አውጥቷታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ይላል፤ ሊባኖስ አልፈረመችውም። ስለዚህ የሠራተኛዋን ከንፈር አይታ የምትጸየፍ ማዳም ካለች መፍትሔው የፕላስቲክ ኩባያ አይደለም። እንቅልፍ ነው፤ የዕረፍት ቀን ነው፤ በሰዓቱ የሚከፈል ደመወዝ ነው። ይህን የምንጠይቀው ደግሞ አንድ ገበታ ላይ ስንቀመጥ እንጂ እርስ በርስ ስንሸሻሽ አይደለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ቀጣይ ስብሰባ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። በማኅበሩ አባላት ቤቶች ውስጥ በቁስል ምክንያት ሴት ከክፍል አትወጣም፣ ሲኒም አይለይላትም። የታመመች እህት ለመድኃኒት ገንዘብ ካጣች ከዕቁቡ ላይ ይሰጣት፤ ቅባቱ ከአንድ እሁድ የቡና ወጪያችን አይበልጥም። ስለ ታችኛው ሕመም መናገር የምትፈልግ ልጅ የምታማክራቸው፣ ምስጢር የሚይዙ ሁለት ሴቶች ከመካከላችን ይመረጡ፤ ሐኪም ዘንድም አብረዋት ይሂዱ። በስብሰባችን ላይ የአንዲትን እህት ቁስል ለሐሜት ያነሳች ደግሞ እንደማንኛውም ደንብ ተላላፊ ትጠየቅ።

ይህን የምትቃወም እህት ካለች ትምጣና እጇን ታውጣ፤ ፊት ለፊት እንከራከር፤ ብትረታኝ እቀበላለሁ። በሹክሹክታ ግን አልቀበልም።